የሚተረተር፣ የሚነከር፣ የሚደረት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ ስለ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅን ፈትተው፣ ነክረውና ቀጣጥለው ሌላ ነገር ስለሚያደርጉት እጆች ነው። ወሬው ጎንደር ይወስደናል፤ ቬኒስም ያደርሰናል። መነሻው ግን አማኑኤል ነው፤ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ጉያ ውስጥ።

አማኑኤል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። እኔ የምወስዳችሁ በቆርቆሮ አጥር መካከል በሚገባው ቀጭን መንገድ፣ እንፋሎትና ጭስ ወደሚወጣበት ግቢ ነው። በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ግማሽ በርሜል ይንተከተካል። በላዩ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ረጅም ዱላ ያዞራሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ ትገባለች። ዓይኗ አብጧል። ከፌስታሉ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ የሱፍ ሹራብና ግራጫ ጃኬት ታወጣለች።

«ጋሼ፣ ጥቁር እንዲነክሩልኝ ነበር።»

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ማን ነው?»

«እናቴ።»

ጋሼ ዋጋ አያነሡም። ልብሱን ገልብጠው በውስጥ በኩል ያዩታል። ከቀሚሱ ጠርዝ አንዲት ክር መዘው ክብሪት ይጭሩባታል። ክሯ ቦግ ብላ ትነድና ብን የሚል አመድ ትሆናለች፤ ሽታዋ የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው። «ጥጥ» ይላሉ። ከሹራቡ የመዘዟት ትኮማተርና የተቃጠለ ፀጉር ትሸታለች። «ሱፍ።» ከጃኬቱ የወጣችው ግን ትቀልጥና ጫፏ ላይ ጠንካራ ጉጥ ትቋጥራለች። ጋሼ ጉጧን በሁለት ጣታቸው አሻሽተው ጃኬቱን አጥፈው ይመልሱላታል።

«ይሄ ፖሊስተር ነው፤ የኔን ቀለም አይጠጣም። ገንዘብሽን በከንቱ አልበላም።»

በዚህች የክብሪት ፈተና ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፤ የሙያው ግማሽ እሷ ናትና። ጥጥ ከተክል ነው የሚወጣው፤ በፈላ ውኃና በጨው ቀለሙን ይቀበላል። ጨው የሚጨመረው ለጣዕም አይደለም፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቀለም ወደ ጨርቁ ገፍቶ የሚያስገባው እሱ ነው። ሱፍና ሐር ከእንስሳ ስለሚገኙ የሚስማማቸው ጎምዛዛ ነገር ነው፤ ኮምጣጤ ይበቃቸዋል። ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ለእሱ የተለየ ቀለም፣ የተለየ ማሽን፣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀትና ግፊት ያስፈልገዋል። በግማሽ በርሜልና በማገዶ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ጋሼ ክር መዘው የሚያነዱት ለወጉ አይደለም። አንዲት ክር ካልነደደች አንድ ሙሉ ልብስ ይበላሻል፤ ያውም በሐዘን ቀን።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ልብሱ ደረቅ ሳለ ይመዘናል፤ የቀለሙ መጠን የሚወሰነው በልብሱ ክብደት ነውና። ጥቁር ከቀለም ሁሉ ሆዳም ነው፤ ለስላሳ ሮዝ የሚያወጣው መጠን ጥቁር ለማውጣት ብዙ እጥፍ መሆን አለበት። ቀጥሎ ልብሱ በንጹሕ ውኃ ይርሳል። ደረቅ ጨርቅ ቀለም ውስጥ ከገባ አንዱ ጎን ቀድሞ ይጠጣና ዝንጉርጉር ይሆናል። ዱቄቱ በጣሳ ሙቅ ውኃ ተበጥብጦ፣ በጨርቅ ተጠልሎ በርሜሉ ውስጥ ይፈሳል። ልብሱ ይገባል፤ ዱላው ይዞራል። ጨው በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ጥቂት ጥቂት፣ በየመሐሉ። ዱላው አያርፍም። ልብሱ እንደታጠፈ ትንሽ ከቆየ እጥፋቱ ለዘለዓለም ይታያል። ሰዓቱ ሲሞላ ይወጣል፤ የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጥላ ላይ ይሰጣል።

ጋሼ ሹራቡን በዚህ በርሜል አይነክሩትም። ሱፍ እየተንተከተከ በዱላ ከተማሰለ ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ ያህል ይቀራል። እሱ ለብቻው፣ በለዘበ እሳት፣ በእጅ ነው።

ሴትዮዋ ልብሷን ስትረከብ የሚገጥማት አንድ ነገር አለ፤ ጋሼም አስቀድመው ይነግሯታል። ቀሚሱ ጥቁር ሆኗል፤ የተሰፋበት ክር ግን ነጭ ነው። ልብስ ሰፊው የተጠቀመው ፖሊስተር ክር ነበርና ቀለሙን አልጠጣም። በጥቁሩ ቀሚስ ጎንና ጎን፣ በአንገቱ ዙሪያ፣ ነጭ ነጠብጣብ መስመር ይሄዳል። በብዙ ደንበኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው፤ «አበላሹብኝ» የሚልም አይጠፋም። ይህቺ ሴት አላለችም። እናቷ ያሰፋችላት ቀሚስ ስለነበር መስመሩን በጣቷ ተከትላ እስከ ጫፉ ሄደችና አጣጥፋ ያዘችው።

ሐዘን በእኛ አገር ጨርቅ ላይ ይጻፋል። ነጠላ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ፣ ቃል ሳይነገር ቤቱ ውስጥ ምን እንደገባ ይታወቃል። ሰው በደህና ቀን ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ያንኑ ነጩን ይዞ ወደ ነካሪ ይሮጣል። ለዚህ ነው በየመንደሩ ያለው ቀለም ነካሪ፣ ልጅ ከሚድርም ሰው ከሚቀብርም ቤት ጋር እኩል የሚተዋወቀው።

አሁን ከበርሜሉ ቀና እንበልና ወደ ኋላ እንሂድ።

የደጋው ሰው ልብስ ከጥንት ነጭ ነው። ቀለም ቢኖረው ጫፉ ላይ፣ ጥለቱ ላይ ነው። ለምን ነጭ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ብዙ መልስ ይሰጠዋል፤ እኔ ግን አንዱን ምክንያት ሸማኔው ዘንድ አገኘዋለሁ። ቀይ የሚያወጣ ተክል አልጠፋም። የእንሶስላ ሥር ተቀጥቅጦ የሙሽራ እጅና እግር ያቀላል። ቢጫውን እርድ ይሰጣል። ሰማያዊ ግን አስቸጋሪ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፣ የጎንደር ሸማኔዎች ከሕንድ፣ ከሱራት ወደብ የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ክሩን እየፈቱ በራሳቸው ሸማ ውስጥ መልሰው እንደሚሸምኑት መዝግቧል።

ልብ ብላችሁ ስሙት። ሌላ አገር የተሸመነ ያለቀለት ጨርቅ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በበቅሎ ጀርባ ተራራ ወጥቶ ይመጣል። ሸማኔው ይገዛዋል፤ አይለብሰውም። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይተረትረዋል። ድሩን ለድር፣ ማጉን ለማግ ለይቶ ያጠነጥናል። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ጥጥ በተፈተለው ነጭ መሐል እንደ ፈቃዱ ያስገባዋል። የጥለታችን ሰማያዊ የተወለደው እንዲህ ነው። በምዕራብ አፍሪካም የአሻንቲ ሸማኔዎች ከአውሮጳ ነጋዴ የገዙትን ሐር እየተረተሩ ኬንቴ የሚባለውን ሸማቸውን አስጊጠዋል። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መላ ላይ ደረሱ፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በዚያው በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ውስጥ አንድ ታላቅ ሥራ ተሠራ። ከባሕር ማዶ በመጣ የቻይና ሐር የተሸመኑ፣ ቁመታቸው ከ5 ሜትር የሚያልፍ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ናቸው። አሸማመናቸው የጉድጓድ ሸማኔ አሸማመን አይደለም። ማዕዘናቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘን ገበታዎች በመቶዎች ተደርድረው፣ በየቀዳዳው ክር አልፎ፣ ሸማኔው እያንዳንዱን ገበታ እያዞረ ምስሉን ያወጣል። አንዱን ገበታ ሩብ ዙር ማሳሳት የአንድን ሰው ፊት ማጣመም ነው። በመጋረጃው ላይ ካህናት፣ ወታደሮችና ዘውድ የጫኑ ሰዎች ቆመዋል፤ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከዘረፈ በኋላ አንዱ መጋረጃ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ሌላው ዛሬ ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛል። የሸማኔዎቹን ስም የሚናገር አንድ መስመር አብሮ አልሄደም። የንጉሡን ስም ለማወቅ ሊቃውንት ስንት ሲደክሙ ያንን ሁሉ ገበታ ያዞረውን ሰው የጠየቀለት የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሸማኔን አለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ መስደብም ነበር። ሸማ የሠራ፣ ቆዳ ያለፋ፣ ብረት የቀጠቀጠ ሁሉ የየራሱ ስድብ ተበጅቶለት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ነገሩ አድርሷቸው ነበር። አዋጅ ግን አፍን ይይዛል እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። ጋሼ ወጣት ሳሉ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ስለነበር ሠርግ ቤት በግራ እጃቸው ሰላም ይሉ እንደነበር ነግረውኛል፤ ቀኙ ይበልጥ የጠቆረ ነበርና።

ከጎንደር ወደ ለንደን ልሻገር፤ ቶሎ እመለሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ ለወባ መድኃኒት የሚሆን ኪኒን ከከሰል ሬንጅ ለማውጣት ሲሞክር ብልቃጡ ውስጥ ሐምራዊ ነገር ቀረበት። ሐር ነከረበት፤ አልለቅ አለ። በ1897 ደግሞ አንድ የጀርመን ኩባንያ ሰማያዊውን ኢንዲጎ በፋብሪካ ሠርቶ ገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ቀለም በጣሳና በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ሆነ። የሱራትን ጨርቅ የሚተረትር ሸማኔ አያስፈልግም፤ የተነከረ ክር ልቃቂት ሆኖ ገበያ ይጠብቀዋል።

ገበያውም ተዛወረ። ድሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከተማውን በዘር ከፋፍሎ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ ያኔ ተተከለ። ለመለየት የተሠራው ቦታ ሁሉንም የሚቀላቅል ሆኖ አረፈው። ዛሬ ድር ተራ ክር ይገኛል፤ ሸማ ተራ ሸማ፤ ሸራ ተራ ሸራ፤ ሚሊተሪ ተራ ልብስ። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሰው የጣለው ሁሉ ተለቅሞ፣ ተፈትቶ፣ ተስተካክሎ እንደገና ይሸጣል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም የሚሸምነውን ቀለም የሚመርጠው መርካቶ የገባለትን ክር አይቶ ነው። ጋሼ አማኑኤል የሰፈሩትም ለዚህ ነው፤ ቀለሙም፣ ጨርቁም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ለቀስተኛውም በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ድሪቶ እንምጣ።

እናቶቻችን ድሪቶን ያውቁታል። ያረጀ ልብስ ሲቀደድ ይጣፋል፤ የተጣፈው ሲቀደድ በላዩ ይጣፋል። እራፊው በእራፊ ላይ እየተደረተ ሄዶ የመጀመሪያው ልብስ የትኛው እንደነበር የማይታወቅበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ከልብስነት አልፎ ብርድ መከላከያ ይሆናል፤ ወፍራም፣ ሞቃት፣ ከባድ። ድሪቶ መልበስ የድህነት ምልክት ስለነበር ልጅ ሰው ሲመጣ ድሪቶውን ከመደብ ሥር ይደብቃል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ድሪቶ ውስጥ ዓይን አለ። ድሪቶ የምትደርተዋ ሴት ከሦስት እራፊ አንዱን መርጣ ስትሰፋ ጥንካሬውን ብቻ አላየችም፤ የትኛው የትኛው አጠገብ እንደሚያምርም አይታለች። ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም እንጂ።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በሚባል የወንዝ ዳር መንደር እንዲሁ ነበር። ባሪያ ሆነው ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሥራ ሱሪ ጉልበትና የሸሚዝ ጀርባ እየቆረጡ ለልጆቻቸው ብርድ ልብስ ይደርቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያ ብርድ ልብሶች ሂውስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ ከዚያም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ገቡ። የሰፉት ሴቶች ስም አብሮ ተጻፈ። ለጎንደሮቹ ያልተደረገው ለእነዚህ ተደረገ፤ ደስ ይለኛል።

የኛስ? የኛውን መርፌ ግድግዳ ላይ ያወጣው ኤልያስ ስሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ተመረቀ። ከዚያ ወጣና መርፌ አነሣ። ሸራ ዘርግቶ በክር ከዳር እስከ ዳር ይሰፋዋል፤ ስፌት በስፌት ላይ፣ ባዶ ቦታ ሳይተው። መርካቶ ይሄድና አሮጌ የልብስ ቁልፍ፣ ክዳን፣ የተጣለ ጨርቅ፣ ሰው ከእግሩ ሥር የሚገፋውን ሁሉ ይለቅማል። ቁልፉን አንድ በአንድ ሸራው ላይ ይሰፋዋል። ከቅርብ ሲታይ የማን ሸሚዝ ላይ እንደነበር የማይታወቅ ቁልፍ ነው፤ ወደ ኋላ ሲርቁ ፊት ይሆናል፣ እንስሳ ይሆናል፣ ሰፈር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 እሱና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ሥራዎቹን ይዘው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ሄዱ። የዐውደ ርእዩ ስም የመርፌ ዓይንና የልብ ዓይን የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ እጁ ወደ ሌላ ቁርጥራጭ ዞረ፤ የተሰበረ ኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተፈታ ባለቀለም ሽቦ። ሽቦውን ይጎነጉነዋል፣ ይደረድረዋል፣ ጣውላ ላይ ይመታዋል። በእንግሊዝኛ ታይትሮፕ ያለው ይህ ተከታታይ ሥራ በ2019 ኒው ዮርክ ግዛት ዌሊን ሙዚየም በሰፊው ታየ። በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሽልማትን ተቀበለ። በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ውስጥ ገባ። እዚሁ አዲስ አበባ ደግሞ ከመስከረም ጋር በጭቃና በጭድ የገነቡት ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ውስጥ በ2019 በሩን ከፈተ።

ዓለም የሚያወራው ስለ ኮምፒውተር ሰሌዳዎቹ ነው፤ ልክ ነው፣ ድንቅ ናቸው። እኔ ግን ልቤ የሚቀረው ከክርና ከቁልፍ የተሠሩት ዘንድ ነው። ሽቦውን ሲጎነጉን ያለው ትዕግሥት የመጣው ከመርፌው ነው። የሱራትን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ የተረተረው የጎንደር ሸማኔ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ዕቃ ፈትቶ የራሱ አደረገ። ኤልያስም ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሽቦ ፈትቶ የራሱ አደረገ። በሁለቱ መሐል 250 ዓመት አለ፤ የእጁ ሥራ ግን አንድ ነው።

እናላችሁ፣ ወደ ጋሼ ግቢ ስንመለስ ከበርሜሉ ወዲያ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ልብስ ስፌት የተማረች ናት። ጠዋት ጠዋት መርካቶ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን ትዞርና ከማሽናቸው ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ በጆንያ ትሰበስባለች። አንዳንዱ ይሰጣታል፤ አንዳንዱ ያስከፍላታል። ከሳልቫጅ ቦንዳ የወጣ፣ ለባሽ ያጣ ልብስም ትጨምራለች። ሁሉንም ትተረትራለች።

ብልሃቷን ልንገራችሁ። ጋሼ የለቅሶ ልብስ ነክረው ሲጨርሱ በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ቀለም ድሮ ይደፋ ነበር። ልጅቷ አታስደፋም። ልብሱ አብዛኛውን ቀለም ስለጠጣው የቀረው ጥቁር ማውጣት አይችልም፤ ግራጫ ግን ያወጣል። የመጀመሪያውን እራፊ ታስገባለች፤ የከሰል ግራጫ ይወጣል። ሁለተኛው የዝናብ ደመና፤ ሦስተኛው አመድ፤ አራተኛው ነጭ ሊባል ጥቂት የቀረው። በዚያ ላይ ንጹሕ ጥጥና ከፖሊስተር የተቀላቀለ ጥጥ በአንድ በርሜል ገብተው እኩል አይወጡም፤ ጥጡ ሲጠቁር ቅልቅሉ ይደበዝዛል። ጋሼ በክብሪት የሚለዩትን እሷ በቀለም ትለየዋለች። ከአንድ ሰው ለቅሶ በተረፈ ውኃ ስንት ዓይነት ግራጫ እንደምታወጣ ብታዩ!

ያ ደንበኛን የሚያስቆጣው ነጭ ስፌትም አለ አይደል? እሷ ትፈልገዋለች። ሰዎች ሐዘናቸውን ሲያወጡ የተዉትን ጥቁር ልብስ ስታገኝ ነጩ የፖሊስተር መስመር ያለበትን ቦታ ሳትተረትር ቆርጣ ታስቀምጠዋለች። ግድግዳ የሚሸፍን ሥራዋ ላይ እነዚያ ነጫጭ ነጠብጣቦች መንገድ ይሆናሉ። ከአውቶቡስ ተራ የሚነሣ፣ በአንዋር መስጊድና በራጉኤል መሐል የሚያልፍ፣ ሰባተኛ ዞሮ አማኑኤል የሚገባ መንገድ። ሰፈሯን ነው የምትደርተው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ ሸማ ተራ አካባቢ እሳት ተነሣ። የብዙ ነጋዴ ጨርቅ፣ ክርና ሸማ ነደደ። በማግሥቱ ጋሼና ልጅቷ ጆንያ ይዘው አልወጡም፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደጅ ሄዶ ቁርጥራጭ አይለመንም። ልጅቷ ሥራ የጀመረችው ውላ አድራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ውስጥ አንድ ብርቱካናማ እራፊ ገብቷል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የተሰፋበትን ቦታ ሳየው ግን ሸማ ተራ መሆኑን ለየሁት።

ይህ የመንከር ሥራ ሰውን ይጎዳል፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። የቀለም ዱቄት ደረት ውስጥ ይገባል። ጓንት ውድ ነው፤ በፈላ ውኃም ቶሎ ይቀደዳል። ጋሼ ያስላሉ። የታጠበው ቀለም ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ ደግሞ ከታች ጎመን የሚያጠጡበት ነው። ልጅቷ የተረፈውን ቀለም እስኪነጣ ድረስ የምትጠቀምበት ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ የሚደፋው እንዲቀንስም ነው። ይህን ያስተማራት የለም፤ ውኃው የት እንደሚሄድ ተከትላ ወርዳ አይታው ነው። የቀለም ነጋዴው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከፓኬቱ ጋር ቢሸጥ፣ ክፍለ ከተማው ለነካሪዎች አንድ የጋራ ማጣሪያ ጉድጓድ ቢቆፍር ብዙ ሳንባና ብዙ ጎመን ይተርፍ ነበር።

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ተመልሶ ያሳየው ሥራ ከእንግሊዝኛው ስም ጋር ፊትና ጀርባ የሚል የአማርኛ ስም ነበረው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልተገረሙም። ጨርቅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነዋ። ቀለሙ ዘልቆ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው ከጀርባ ነው፤ ሰፊው ቸኩሎ ወይም ተረጋግቶ እንደሆነ የሚታየውም ከጀርባ ነው።

ባለፈው ልጅቷ ትልቁን ሥራዋን ጨርሳ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ጎረቤት ተሰብስቦ አደነቀ። ጋሼ ዱላቸውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ሄደው ገለበጡት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እዚህ ጋ ሦስት ቋጠሮ ላልቷል። እዚህ ደግሞ ክሩን ሳታስሪ ነው የቆረጥሽው።»

«ጋሼ፣ ጀርባው እኮ ግድግዳ ነው የሚዞረው። ማን ያየዋል?»

«ነገ አርጅቶ የሚተረትረው ሰው ያየዋል። አንቺ የሰው ስፌት ስትተረትሪ አይደል የምትውዪው? የቸኮለውን ሰው ታውቂው የለ?»

ልጅቷ አልመለሰችም። ሥራውን ከገመድ አውርዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ መቀስም አነሣች።

«ዋጋው ግን ይጨምራል ጋሼ፤ ሁለት ቀን ነው የሚወስድብኝ።»

«ይጨምር እንጂ! ገዢው ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ፤ ገልብጬ አሳየዋለሁ።»